«ትርጉም» እና «ታርግማን»፦ ከአንድ ፎቶ ጀርባ የተነሳ የአርመንኛ ታሪክ

ቀራንዮ፣ እኛ ሰፈር፣ ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ሁሉን ነገር ይጠግናል ተብሎ ይታሰባል። ቴሌቪዥን ሲበላሽ የምጠራው እኔ ነኝ፤ ቆጣሪ ሲያስቸግርም እኔው። ባለፈው ክረምት ግን ጎረቤታችን ጋሼ የጠሩኝ ለሌላ ጉዳይ ነበር። አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጡና ጀርባውን ገልብጠው «ይቺን አንብብልኝ እስቲ። ስልክህ የማያውቀው ቋንቋ የለም ይባላል» አሉኝ።

ፎቶው ላይ ወላጆቻቸው አንድ ጫማ ቤት በር ላይ ቆመዋል። የጫማ ቤቱ ባለቤት አርመናዊ ነበሩ። አባትየው እዚያ ጫማ ይሰፉ ነበር፤ እናትየው ደግሞ ለባለቤቱ ቤተሰብ ምግብ ያበስሉ ነበር። ከጀርባው በብዕር የተጻፉ ሦስት አጫጭር መስመሮች አሉ። ፊደሎቹን ከሩቅ ስታዩዋቸው የእኛን ይመስላሉ፤ ቀረብ ብላችሁ ላንብብ ስትሉ ግን አንዷም እሺ አትልም።

ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ የእጅ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። ፊደል በፊደል እየፈለግኩ ብጽፍለትም ትርጉም የለሽ ነገር ሰጠኝ። በመጨረሻ ውጭ አገር ለምትኖር የአርመንኛ ተርጓሚ በኢሜይል ላክንላት። ከዋጋው በፊት ሦስት ጥያቄ ጠየቀችን፦ የት ተጻፈ? መቼ ተጻፈ? ትርጉሙን ለምን ትፈልጉታላችሁ? መልሱን ስንነግራት በሁለተኛው ቀን ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ላከችልን። መጀመሪያው መስመር ላይ የቤተሰቡ ስም፣ መጨረሻው ላይ 1975 የሚል ዓመት አለ። መሃሉ እንዲህ ይላል፦ «ቤታችን በተወሰደ ጊዜ እንጀራ ሰጠን፤ ወይም ሰጠችን።»

ወይም? ጋሼ ወዲያው «አባቴ ነው!» አሉ። እህታቸው እትዬ ደግሞ «ምግቡን የምትሠራው እናታችን አልነበረችም እንዴ?» አሉ። ክርክሩ ሳይጦዝ ተርጓሚዋን ደግሜ ጠየቅኳት። መልሷ አጭር ነበር፦ ጽሑፉ አይናገርም፤ እኔም የማላውቀውን አልጨምርም።

ይህ መልስ ከንክኖኝ ስለ አርመንኛ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ከጠበቅኩት በላይ ከእኛ ጋር የተሳሰረ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አርመንኛ የማን ዘመድ ነው?

ፊደሉ የእኛን ስለሚመስል ብዙ ሰው ቋንቋውም ዘመዳችን ይመስለዋል። አይደለም። አማርኛና ግዕዝ ከዓረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር ሴማዊ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። አርመንኛ ግን ከግሪክኛ፣ ከፋርስኛ፣ ከሂንዲና ከእንግሊዝኛ ጋር ኢንዶ አውሮፓዊ የሚባለው ትልቅ ቤተሰብ አባል ነው። እዚያም ውስጥ ቢሆን ለብቻው የቆመ ቅርንጫፍ ነው፤ የቅርብ ወንድም ወይም እህት የለውም።

ይህ የታወቀው ዘግይቶ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ምሁራን አርመንኛን የፋርስኛ ዘመድ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ምክንያቱም በፋርስ ቃላት የተሞላ ነው። እስቲ አስቡት፦ አንድ የውጭ ሰው መጥቶ አማርኛን ጋራዥ ውስጥ ብቻ ቢያጠና ምን ይሰማል? ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንቢዮ፣ ባሌስትራ። «አማርኛ የጣሊያንኛ ልጅ ነው» ብሎ ቢጽፍ ይፈረድበታል? በ1875 ሃይንሪሽ ሁብሽማን የተባለ ጀርመናዊ የቋንቋ ተመራማሪ ያደረገው የተዋሱትን ቃላት ከነባሮቹ መለየት ነው። የተዋሱት ሲነሱ ከስር የቀረው ቋንቋ የራሱ ሕግ ያለው ሆኖ ተገኘ።

ሕጉን በምሳሌ እንየው። በግሪክኛ አምስት «ፔንቴ»፣ በፋርስኛ «ፓንጅ» ነው። በአርመንኛ «ሂንግ» ይባላል። በላቲን አባት «ፓቴር» ሲሆን በአርመንኛ «ሃይር» ነው። አያችሁ? ሌሎቹ ዘንድ «ፐ» ያለበት ቦታ ላይ አርመንኛ «ህ» ይላል። ከዚህ የሚገርም ደግሞ አለ። ሁለት ቁጥር ጥንት «ድዎ» ከሚል ድምፅ የመጣ ነው፤ የእንግሊዝኛው «ቱ» እና የላቲኑ «ዱኦ» ከዚያው ናቸው። አርመንኛ ግን «ኤርኩ» ይላል። «ድው» ተቀይሮ «ርክ» ሆኗል። በአጋጣሚ እንዳልሆነ የሚታወቀው ለውጡ በሌሎች ቃላትም ስለሚደገም ነው፤ «ረጅም» የሚለው «ኤርካር» አንዱ ነው። ቃላት መመሳሰላቸው ዝምድናን አያረጋግጥም፤ ልዩነታቸው ሕግ ሲከተል ነው ዝምድና የሚረጋገጠው።

የከሸፈው የመጀመሪያ ሙከራ

አርመኖች ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት ያደረጉት በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ የአክሱሙ ኢዛና የኖረውም በዚያው ክፍለ ዘመን ነው። ነገር ግን የራሳቸው ፊደል አልነበራቸውም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጽሐፉ በግሪክኛ ወይም በሶርያ ቋንቋ ይነበብና ተርጓሚ ቆሞ ለሕዝቡ በቃሉ ያስረዳ ነበር። ተርጓሚው ከሌለ ሰሚው ምንም ሳይገባው ይሄዳል።

ማሽቶትስ የተባለ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ፣ ኋላ መነኩሴ የሆነ ሰው፣ ይህን ችግር ለመፍታት ተነሳ። ታሪኩን የጻፈልን የራሱ ደቀ መዝሙር ኮሪዩን ነው። መጀመሪያ ዳንኤል ከተባለ ሶርያዊ ጳጳስ ዘንድ የተገኙ ፊደላትን ወስደው ልጆችን ማስተማር ጀመሩ። ሁለት ዓመት ገደማ ከሞከሩ በኋላ ግን ፊደላቱ የአርመንኛን ድምፆች በሙሉ መሸከም እንደማይችሉ ታወቀ። እኛ ኢንጂነሮች ይህን «ናሙናው ፈተናውን ወደቀ» እንለዋለን። ማሽቶትስም እኛ የምናደርገውን አደረገ፦ እንደገና ከዜሮ ጀመረ።

በ405 ገደማ የተጠናቀቀው ፊደል 36 ምልክቶች ነበሩት፤ በኋላ ሁለት ተጨመሩ። ቅደም ተከተሉ የግሪክን ይከተላል፤ ግሪክ ለሌላት ድምፅ አዲስ ፊደል በመሃል ይገባል። 36 ደግሞ 4 ጊዜ 9 ነው። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ፊደላት ከ1 እስከ 9፣ ቀጣዮቹ ከ10 እስከ 90፣ ከዚያ ከ100 እስከ 900፣ መጨረሻዎቹ ከ1000 እስከ 9000 ይቆማሉ። ማለትም አንዱ ሰንጠረዥ ፊደልም ቁጥርም ነው። የግዕዝ ቁጥሮችም ከግሪክ ፊደላት የተወለዱ ስለሆኑ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ታዲያ መመሳሰሉስ? አንዳንድ ምሁራን ማሽቶትስ ከግዕዝ ፊደል ቅርጽ ወስዷል ብለው ሐሳብ አቅርበዋል፤ በአብዛኞቹ ተመራማሪዎች ግን ተቀባይነት አላገኘም። በቀጥታና በጎባጣ መስመሮች ብቻ ብዙ ምልክት ከሠራችሁ የተወሰኑት መገጣጠማቸው አይቀርም። አሠራራቸው ደግሞ ይለያያል፦ የእኛ ፊደል አናባቢውን በቅርጹ ላይ ያዝላል፤ የአርመን ፊደል ግን ለአናባቢ ራሱን የቻለ ምልክት አለው።

ፊደሉ እንዳለቀ ማሽቶትስና ካቶሊኮስ ሳሃክ ተማሪዎቻቸውን ወደ ኤዴሳና ወደ ቁስጥንጥንያ ላኩ። መጽሐፍ ቅዱስ ተተረጎመ። ከ431ዱ የኤፌሶን ጉባኤ በኋላ የተሻሉ የግሪክ ቅጂዎች ሲመጡ ደግሞ የመጀመሪያው ትርጉም እንደገና ከነሱ ጋር እየተመሳከረ ታረመ። ዛሬ ሙያተኛ የትርጉም ሥራ የሚባለው፣ አንዱ ተርጉሞ ሌላው የሚያርመው፣ ያኔም ነበረ ማለት ነው። የአርመን ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ በኦክቶበር ወር ሁለተኛ ቅዳሜ «ቅዱሳን ተርጓሚዎች» የሚል በዓል ታከብራለች።

ውለታቸው ቀላል አይደለም። የአውሳብዮስ «ክሮኒክል» የተባለው የታሪክ መጽሐፍ በግሪክኛ ጠፍቶ የመጀመሪያው ክፍል የተረፈልን በአርመንኛ ትርጉም ነው። እዚህ ላይ የእኛም ሰዎች ይነሳሉ፦ መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ ሆነው የተገኙት በግዕዝ ትርጉም ብቻ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ብዙ ተናጋሪ የላቸውም፤ ግን የዓለምን መጻሕፍት ከመጥፋት አድነዋል።

መዋስ ወይስ መፍጠር?

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። «ቀራንዮ» ምን ማለት ነው? ግሪክኛ ነው፤ «ክራኒዮን» ማለት የራስ ቅል ነው። ወንጌልን ወደ ግዕዝ የመለሱት ሰዎች ቃሉን እንዳለ ወሰዱት። የላቲን ተርጓሚዎች ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ የራስ ቅል በሚለው ቃል «ካልቫሪያ» አሉት። ተርጓሚ አዲስ ነገር ሲገጥመው ሁልጊዜ እነዚህ ሁለት መንገዶች አሉት፦ መዋስ ወይም ከራስ ቃላት መፍጠር።

አርመንኛ መፍጠር ይወዳል። ፍልስፍናን «ኢማስታሲሩትዩን» ይሉታል፤ «ጥበብን መውደድ» ማለት ነው። እኛ ከግሪክ ወስደን «ፍልስፍና» ብለናል። ስልክ በአርመንኛ «ሄራኾስ» ነው፤ «ከሩቅ ተናጋሪ» እንደማለት። የእኛ «ስልክ» ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ነው። ያለ ሽቦ የሚሠራውን እቃ ዛሬም «ሽቦ» እያልን እንጠራዋለን! አውሮፕላን «ኢንክናቲር»፣ በራሱ የሚበር፤ ኮምፒዩተር «ሃማካርጊች»፣ ሥርዓት የሚያሲዝ እንደማለት ነው። የትኛው መንገድ ይሻላል? የተዋስከውን ቃል የውጭ ሰው ቶሎ ያውቀዋል፤ የፈጠርከውን ቃል ግን የአገርህ ልጅ ሳይነገረው ይገባዋል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ትርጉማቸውን ሳላውቅ የሸመደድኳቸውን ቃላት ሳስብ፣ ሁለተኛው መንገድ ያስቀናኛል።

መንገድ ላይ የሚለወጥ ስምም አለ። እኛ ሰፈር አርሴማ የምትባል ልጅ የሌለበት ግቢ ማግኘት ያስቸግራል። ቅድስት አርሴማ በአርመን የተሰዋች ሰማዕት ናት፤ እነሱ «ሕሪፕሲሜ» ይሏታል። በ618 በስሟ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ኤጅሚያጺን ከተማ ቆሟል። ታሪኳ በግሪክና በዓረብኛ በኩል አልፎ ግዕዝ ሲደርስ ስሟ አርሴማ ሆነ። መስከረም 29 ስንክሳር ሲነበብ የምንሰማው የአርመን ታሪክ ነው።

እነሱም እኛም

ግንኙነቱ በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከደቀ መዛሙርቶቻቸው ጋር ከአገር ወጥተው ያረፉት በአርመን ምድር ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንግሥት እሌኒ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ ስትልክ የመረጠችው ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ነበር። በ1512 ጎዋ፣ በ1514 ሊዝበን ደረሰ። በመንገድ ላይ ሰላይ ነው ብለው ያንገላቱት የመርከብ አዛዦች ነበሩ። ከብዙ መከራ በኋላ በ1520 ምጽዋ ደርሶ፣ ቤተ መንግሥት ሳይገባ በዚያው ዓመት ደብረ ቢዘን አረፈ። በቋንቋዎች መካከል የሚቆም ሰው ሁለቱም ወገን ሊጠረጥሩት እንደሚችሉ የማቴዎስ ሕይወት ያሳያል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ኮጃ ሙራድ የተባለ ሌላ አርመናዊ የጎንደር ነገሥታትን መልእክት ይዞ እስከ ሕንድና እስከ ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ፣ ተጉዟል።

በነገራችን ላይ፣ ማቴዎስ ጎዋ በደረሰበት በ1512 የመጀመሪያው የአርመንኛ መጽሐፍ በቬኒስ ታተመ። የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 በሮም ታተመ። አንድ ዓመት ብቻ! ኮምፒዩተር ላይ ግን ተራራቅን፦ የዓለም የፊደላት መለያ ሥርዓት የሆነው ዩኒኮድ የአርመን ፊደልን በ1991፣ የእኛን በ1999 አስገባ።

በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የመንገድ መዳመጫ ሞተር ወደ አዲስ አበባ አስመጣ፤ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በ1915 የተጀመረው የአርመናውያን እልቂት ብዙዎችን አሰደደ። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ ወጣት ሙዚቀኞች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙን የጻፈው ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሺህ በላይ አርመናውያን የኖሩበት ዘመን ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናቸውና ትምህርት ቤታቸው ዛሬም አሉ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ንብረት ሲወረስ አብዛኞቹ ወደ ውጭ ሄዱ። የጋሼ ፎቶ ላይ ያለው «1975» የዚያ ጊዜ ምስክር ነው፤ ትርፍ ቤቶች የተወረሱት በዚያው ዓመት ነው።

የትኛው አርመንኛ?

ተርጓሚዋ «የት ተጻፈ?» ያለችበትን ምክንያት የተረዳሁት ኋላ ነው። ዛሬ ሁለት መደበኛ አርመንኛዎች አሉ። ምሥራቃዊው የአርመን ሪፐብሊክና የኢራን አርመናውያን ቋንቋ ነው። ምዕራባዊው ከኦቶማን ግዛት የተሰደዱት ሰዎችና የልጆቻቸው ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የመጡትም በአብዛኛው የዚህ ተናጋሪዎች ነበሩ። ምዕራባዊውን ዩኔስኮ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡ ቋንቋዎች መዝግቦታል።

ልዩነቱ ከስም ይጀምራል። በአንድ ዓይነት ፊደል የተጻፈውን ስም ምሥራቁ «ፔትሮስ»፣ ምዕራቡ «ቤድሮስ» ብሎ ያነበዋል። ምሥራቁ «ጌቮርግ»፣ ምዕራቡ «ኬቮርክ» ይላል፤ የእኛው ጊዮርጊስ ነው። የአያት ስም መጨረሻ ላይ ያለው «ያን» ደግሞ የዘር ምልክት ነው፤ «ቴርዚያን» የልብስ ሰፊ ዘር፣ «ናልባንዲያን» የፈረስ ጫማ መቺ ዘር ማለት ነው። በዚህ ላይ ሶቪየት አርመን በ1922 የአጻጻፍ ሥርዓቱን ለወጠች፤ ስደተኞቹ ግን በነባሩ ቀጠሉ። የፓስፖርት ወይም የልደት ወረቀት የሚተረጉም ሰው ይህን ካልለየ አንዱን ሰው ሁለት ሰው ያደርገዋል።

አንድ ቢት

የስልኬ መተግበሪያ የወደቀውም በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ማሽን የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው፤ በብዛት የሚያገኘው ደግሞ ምሥራቃዊውን ነው። በምሥራቁ «እሱ» ወይም «እሷ» ለማለት «ና» ይባላል፤ በምዕራቡ «አን» ነው። አዎ፣ አንድ ቃል ለሁለቱም! አርመንኛ በሰዋስው ወንድና ሴት አይለይም። ግሱም አይለይም።

በኮምፒዩተር ሳይንስ አዎ ወይም አይደለም በሚል አንድ መልስ የሚያልቅ መረጃ አንድ ቢት ይባላል። ወንድ ወይስ ሴት የሚለው እንደዚያ ነው። አማርኛ ይህን ቢት በየግሱ ይጠይቃል፦ «ሰጠን» ወይም «ሰጠችን»፤ ሳትመርጥ ማለፍ አትችልም። አርመንኛ ቢቱን አልጻፈውም። ስለዚህ ከአርመንኛ ወደ አማርኛ ሲመጣ ማሽኑ ከየትም ያላገኘውን መረጃ ይፈጥራል፤ የሚፈጥረውም ብዙ ጊዜ ያየውን በመገመት ነው። በተቃራኒው መንገድ ደግሞ መረጃ ይጠፋል። በአማርኛና በአርመንኛ ጎን ለጎን የተጻፈ ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ መሃል ይገባል። «ነገርኩሽ» እና «ነገርኩዎት» እንግሊዝኛ ውስጥ አንድ ይሆናሉ። አርመንኛ ለቅርብ ሰው «ዱ»፣ ለክብር «ዱክ» የሚል ልዩነት ቢኖረውም፣ እንግሊዝኛ ላይ የወደቀውን አክብሮት መልሶ የሚያነሳ የለም።

ማሽን አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም፤ እኔም እጠቀማለሁ። ግን ማሽኑ ሳያውቅ ያወቀ ሲመስል ሰው የሚከራከርበትን ነገር በአንድ ፊደል ይወስናል። ጥሩ ተርጓሚ ግን «ይህን ጽሑፉ አይናገርም» ብላ ትጽፋለች። ያ «ወይም» የሚለው ቃል ነው የከፈልንበት።

አንድ ነገር አስተካክላም ነበር። ጽሑፉ ላይ ያለው ቃል «ሃትስ» ነው፤ ቃል በቃል ዳቦ ማለት ነው። «ግን ለእኛ ምግብም ኑሮም ማለት ነው፤ በእናንተ ቋንቋ እንዲህ ያለ ቃል ካለ እሱን ተጠቀሙ» ብላ ማስታወሻ ጻፈች። እኛ ዘንድ አለ፤ እንጀራ።

በመጨረሻ ስለ ሥራዋ ራሱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አርመንኛ ዘመዳችን አይደለም ብያለሁ። አንድ ቃል ግን እንጋራለን። ተርጓሚ በአርመንኛ «ታርግማኒች» ነው፤ መተርጎም «ታርግማኔል»። የእኛ «ተረጎመ» እና የእነሱ «ታርግማን» ከአንድ ጥንታዊ የመካከለኛው ምሥራቅ ቃል የመጡ ናቸው። እኛ ከሴማዊ ቤተሰባችን ይዘነዋል፤ እነሱ ከሶርያ ጎረቤቶቻቸው ተውሰውታል። ቃል መፍጠር የሚወደው አርመንኛ እንኳ ይቺን ቃል ተውሷል።

ጋሼና እትዬ ፎቶውን አስፍተው አሳትመው ሳሎን ሰቅለውታል። ከስሩ የአማርኛውን ትርጉም እንድጽፍላቸው ሲጠይቁኝ «ሰጠን» ልበል ወይስ «ሰጠችን» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጋሼ ወደ እህታቸው አዩ። ከዚያ «እንደ ልጅቷ ጻፈው» አሉኝ። ሁለቱንም ጻፍኩ።